የአማቴ ዘንዶ

ሰኞ፣ 4

ግፊት፦ 162 በ101።

ሐኪሙ «በየቀኑ የደም ግፊትህን ለክተህ ጻፍ፤ ከጎኑም ያን ቀን ያበሳጨህን ነገር አስፍር። በየወሩ አየዋለሁ» ብሎ ይህን ደብተር ሰጠኝ። ለአንድ ቀን ሁለት መስመር ይበቃል ባይ ነው። የአውቶቡስ ስምሪት ክፍል ረግጦ የማያውቅ ሰው መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ዛሬ ያበሳጩኝ። አንደኛ፣ አዲሱ ስራ አስኪያጅ። ገና በሁለተኛ ሳምንቱ ግቢው መሀል ቆሞ አውቶቡስ ሲወጣ በእጅ ሰዓቱ ይለካል። ሾፌሮቹ «ሰከንድ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስድሳ አራት አውቶቡስና መቶ ሠላሳ አንድ ሾፌር እንደ አዲስ የሚደለደሉበትን የፈረቃ ድልድል በወር ውስጥ ሰርተህ አምጣ አለኝ። «ካልሆነ የሚችል ሰው እንፈልጋለን» አለ፣ ፈገግ ብሎ። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ እጁን አሳርፎ።

ሁለተኛ፣ አማቴ። ሐሙስ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ ስድስት ሳምንት እኛ ዘንድ ናቸው። ባለቤቴ ይህን የነገረችኝ ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳለሁ ነው፤ አፌ በአረፋ ተሞልቶ። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሰው መቼ እንደሚያዝ ታውቃለች።

ሐሙስ፣ 7

ግፊት፦ 158 በ98።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ በነርሷ ክንድ ተደግፈው ወጡ። ገና ድምፄን ሲሰሙ፣ «አንተ ነህ? በሰዓቱ መጣህ!» አሉ።

ይህ ምስጋና አይደለም። የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት በሠርጌ ዕለት አርባ ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ያኔ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ «ስምሪት ክፍል ነው የምትሰራው አሉኝ?» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የለንም።

የሐኪማቸው ትእዛዝ፦ መጎንበስ የለም፣ ዕቃ ማንሣት የለም፣ ማንበብ የለም። ጠብታ በቀን አራት ጊዜ። ያልተነካው ግራ ዓይናቸው ድሮም ጥላ እንጂ ፊደል አይለይም። ሻንጣቸው ሁለት ነው። አንደኛው የልብስ። ሁለተኛውን ሳነሣው ወገቤ ጮኸ።

ቅዳሜ፣ 9

ግፊት፦ 160 በ100።

ሁለተኛው ሻንጣ መጽሐፍ ኖሯል። ዛሬ ከመካከሉ አንዱን በዳሰሳ መዝዘው ጭኔ ላይ ጣሉት። እንደ ጡብ የወፈረ፣ ሰባት መቶ አስራ ሁለት ገጽ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰዋስው ያስተማሩ ሴት ናቸውና የጠበቅሁት ሰዋስው ነበር። ሽፋኑ ላይ ግን ክንፍ ያለው እንስሳ አፉን ከፍቷል።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘንዶ ነዋ። ዓይኑ የታሸገው የኔ ነው ያንተ?»

«የልጅ መጽሐፍ ነው?»

«ልጅ እንዳይፈራ ነው እኔ የማነበው» አሉ። «እስከ ገጽ ሠላሳ ደርሻለሁ። ግን ለአንተ ሲባል ከመጀመሪያው ጀምር። ልጄ ከሰዓት በኋላ ስራ ላይ ናት፤ አንተ አስር ሰዓት ትገባለህ። ከአስራ አንድ እስከ አስራ ሁለት ታነባለህ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስመድብ ኖሬ ዛሬ እኔ ተመደብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራ ሥር አንዲት የደወል ሰሪ ልጅ አለች። ተራራው ላይ ጥቀርሻ የሚባል ዘንዶ አለ። ድሮ ከተማ ሲያቃጥል የኖረ ነው፤ አሁን እሳቱ ጠፍቶበታል። ሲያስል ጭስ ብቻ ይወጣዋል። አገሩ ሁሉ ይፈራዋል፤ እሳቱ መጥፋቱን የምታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት። በቃ፣ ይኼው ነው። ለዚህ ሰባት መቶ ገጽ!

ሰኞ፣ 11

ግፊት፦ 154 በ96።

ድልድሉ፦ አልተነካም ማለት ይቻላል። የንጋቱን ፈረቃ የሚወስድ ሰው የለም። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢ መገኘት አለባቸው። አንዱ ወገቤን ይላል፣ አንዱ ሚስቴን፣ አንዱ ደግሞ «ሰፈሬ ያለው ውሻ በዚያ ሰዓት አያውቀኝም» አለኝ።

ንባብ፦ ምዕራፍ ሦስት። አማቴ አስቆሙኝ።

«ምነው፣ እንደ ማስታወቂያ ነው እንዴ የምታነበው! ‹ቁጥር ሰባት ዘንዶ ከበር ሁለት ይነሣል› የምትል ነው የምትመስለው።»

«እንዴት ይሁን ታዲያ?»

«ሦስት መቶ ዓመት የኖረ ዘንዶ ነው። አንተ ግን ትኬት የጠፋበት ተሳፋሪ አደረግኸው። ከሆድህ አውጣው።»

ከሆዴ ለማውጣት ሞከርኩ። ጎረቤት ግድግዳውን መታ።

ሐሙስ፣ 14

ግፊት፦ 147 በ92። ጨው ስለቀነስኩ ነው።

ስህተት አገኘሁ! ምዕራፍ ሁለት ላይ ዘንዶው ከተራራው እስከ ባሕሩ ሁለት ቀን ፈጀበት ይላል። ምዕራፍ ስድስት ላይ በግማሽ ቀን ደረሰ። መጽሐፉን ወደ ስራ የወሰድኩት ይህን ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ርቀቱን አስልቼ ካርታ ሰራሁ፤ መነሻና መድረሻ ሰዓቱን በሰንጠረዥ አወጣሁ። ቤት ገብቼ ጉዳዩን አቀረብኩ።

«ነፋስ ነበረው» አሉ አማቴ።

ነፋስ! ይህን ሾፌር ቢለኝ የት እንደማደርሰው እኔ ነኝ የማውቀው።

(ካርታው ጥሩ ወጥቷል። ባሕሩን ሰማያዊ ቀባሁት።)

ቅዳሜ፣ 16

ግፊት፦ 141 በ90። ጨው።

ዛሬ ተዋረድኩ። ልጻፈው።

ትናንት ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ መጽሐፉን ገለጥ አደረግሁት፤ ገጹ እንዳልታጠፈ ለማየት ያህል። ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያንኑ ምዕራፍ ለአማቴ ሳነብ፣ ልጅቷና ጥቀርሻ በደስታ ከደመና በላይ እየበረሩ ነው። አማቴ እጃቸውን አነሡ።

«ቁም። አንብበኸዋል።»

«ምኑን?»

«ቀድመህ አንብበኸዋል! ዘንዶው ገና እየሳቀ ነው፤ ያንተ ድምፅ ግን ከወዲሁ ለቅሶ ቤት ገብቷል። ምን ሊደርስበት ነው?»

ዋሸሁ። ጉንፋን ነው አልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «ጉንፋን ነው» ሲባሉ የኖሩ መምህርት ናቸው። «አንብብ» አሉ። አነበብኩ። ጥቀርሻ ማዕበሉ መሀል ባሕር ውስጥ ወደቀ። ምዕራፉ እዚያው አለቀ።

አማቴ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ዘጉት። «ለሦስት ቀን ንባብ የለም። ይህ ቅጣት ነው» አሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ማክሰኞ፣ 19

ግፊት፦ 159 በ99። የድልድሉ ጭንቀት ነው።

መጽሐፉን ትራሳቸው ስር ነው የሚያስቀምጡት። አንሶላ ልቀይርልዎ ብዬ ገባሁ። «ዛሬ ጠዋት ተቀይሯል» አሉ።

ከዚህ በፊት አንድም ቀን አንሶላ ልቀይርልዎ ብያቸው አላውቅም። ጢሞን ያለ ምክንያት ተቆጣሁት። ጢሞ የአስራ አራት ቁጥር ሾፌር ነው፤ ከጢሙ በስተቀር አንድም ጥፋት የሌለበት ሰው።

ባለቤቴ፣ «ትናንት በእንቅልፍህ ‹ክንፍህን ሰብስብ፣ ክንፍህን ሰብስብ› ስትል ነበር። ለማን ነው?» አለችኝ።

ለጢሞ ነው አልኳት።

ዓርብ፣ 22

ግፊት፦ 138 በ86።

በሕይወት አለ!!

ለአማቴ ደስ አለኝ። ተጨንቀው ነበር።

ሰኞ፣ 25

ግፊት፦ 136 በ85።

ድልድሉ ሊሰጥ ዘጠኝ ቀን ቀረው። የንጋቱ ፈረቃ ላይ አሁንም ባዶ ሣጥን ነው። ሰከንድ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «እንዴት ነው?» አለ። «እየበረረ ነው» አልኩ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም።

ንባብ፦ ምዕራፍ አስራ ሰባት። ጥቀርሻ ገደል ሥር ሆኖ ክንፉን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ የደወል ሰሪዋ ልጅ ገደሉ አፍ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ወታደሮች። መዝለል አለባት። ደህና ያነበብኩ መስሎኝ ነበር።

«ድምፁ አሁንም ይጎድለዋል» አሉ አማቴ። «ነገ መጽሐፉን ይዘህ ሂድ። ይህችን ምዕራፍ ብቻ ተለማመድ። ወደፊት አንዲት ገጽ ብትገልጥ አውቃለሁ።»

ስወጣ ደግሞ፣ «አንዱ ካልሲህ ሰማያዊ ነው» አሉኝ።

ፋሻው ከተነሣ አስር ቀን ሆኖታል፤ ጥቁር መነጽር ነው የሚያደርጉት። ሰው ዓይኑ ሲደክም ሌላው ስሜቱ ይሰላል ይባላል። ሰማያዊን በምን እንደሰሙት ግን እንጃ።

ማክሰኞ፣ 26

ጠዋት። መለካት አልቻልኩም። ጉድ ሆኛለሁ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

በተረጋጋ መንፈስ ልጻፍ።

ከንጋቱ አስራ አንድ ከአስር። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አውቶቡሶቹ ግቢ ውስጥ ሞተራቸውን እያሞቁ ነው፤ ጩኸት ነው፣ ማንም አይሰማኝም ብዬ መጽሐፉን ገለጥኩ። ከሆዴ አወጣሁት። «ማን ነው በእንቅልፌ ላይ የሚራመድ!» እውነቴን ነው፣ ራሴም ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ። ወታደሮቹን በቀጭን፣ ልጅቷን በለስላሳ፣ ጥቀርሻን በወፍራም አድርጌ ቀጠልኩ። ስለ ውጭው ጸጥታ ያሰብኩት ገደሉ አፍ ላይ ስደርስ ነው። አንድም ሞተር አይሰማም።

ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። አርባ የሚሆኑ ሾፌሮች የሻይ ብርጭቆ በእጃቸው ይዘው፣ ወደ ግቢው የድምፅ ማጉያ አንጋጠው ቆመዋል። ጠረጴዛዬ ላይ የማይክራፎኑ ቀይ መብራት በርቷል።

አጠፋሁት። «ኧረ አታጥፋው!» የሚል ጩኸት ግቢውን ሞላው።

ጢሞ በመስኮቱ ጭንቅላቱን አስገባ። «ዘለለች?»

«አስራ አራት ቁጥር ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው? ሂድ ውጣ!»

«እሱን ተወው። ዘለለች አልዘለለችም?»

«ጢሞ፣ በእግዜር፣ ተሳፋሪ እየጠበቀህ ነው!»

«በር ላይ ያሳፈርኳቸው ናቸው ጠይቅ ያሉኝ» አለ።

ዘለለች አልኩት። ያዛት ወይ አለኝ። ያዛት አልኩት። ከዚያ ነው የሄደው።

አስር አውቶቡስ አረፈደ። አስራ አራት ቁጥር አስራ አንድ ደቂቃ። ሰከንድ የግቢው በር ላይ ቆሞ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ ሰዓቱ።

ረቡዕ፣ 27

ግፊት፦ 165 በ102።

ደብዳቤ ደረሰኝ። ጥፋት አንድ፦ «የመስሪያ ቤቱን የድምፅ ማጉያ ለዘንዶ ጉዳይ ማዋል»። ጥፋት ሁለት፦ የድልድሉ ፋይል ውስጥ «የጥቀርሻ መነሻና መድረሻ ሰዓት» የሚል ባለ ቀለም ካርታ መገኘቱ። የጽሑፍ መልስና የተጠናቀቀ ድልድል ይዤ ማክሰኞ ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ። ካልሆነ ወደ ጎማ መጋዘን እዛወራለሁ። የጎማ መጋዘን መስኮት የለውም።

ቤት ውስጥ ላልናገር ወስኜ ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተቀምጬ አንድ ዐረፍተ ነገር አነበብኩ።

«ምን አደረጉህ?» አሉ አማቴ።

ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ ሳቅ ነው። አሁን የጨመርኩላቸው ጠብታ በጉንጫቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ያዘኝ። ባለቤቴ ከስራ ስትገባ ሁለታችንም መናገር አቅቶን አገኘችን፤ በር ላይ ቆማ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ አየችን።

ሳቁ ሲያልፍ፣ «ሰዎቹ ምን ያህል ወደውታል?» አሉኝ አማቴ።

«ዛሬ አስራ ሦስት ሰው ቢሮዬ መጥቶ ቀጥሎ ምን ሆነ ብሎኛል።»

«ታሪኩን አበድራቸዋለሁ፤ አንተ አንብብላቸው። ግን ከኔ አንድ ምዕራፍ ወደኋላ ይሁኑ። ማይክራፎን የለም። ከስራ ሰዓት በፊት ይሁን።»

ሐሙስ፣ 28

ግፊት፦ 148 በ92።

ከንጋቱ አስር ሰዓት ተኩል፣ የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል። ዛሬ በመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች የሚወጣው አስራ አንድ ሰው ብቻ ነው። የመጣው ሃያ ስድስት። አውቶቡሶቹ ሁሉ በሰዓታቸው ወጡ፤ ሁለቱማ አንድ ደቂቃ ቀድመው። ያ ውሻ የማያውቀው ሰውዬ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «የንጋቱን ፈረቃ ጻፈኝ» አለኝ። ውሻውስ ስለው፣ «ይልመደኝ» አለ።

አማቴ ከባለቤቴ ጋር ለምርመራ ሄደው ነበር። «ምን አለ ሐኪሙ?» አልኩ።

«ገና ነው» አሉ፣ ጥቁር መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

ባለቤቴ በድንገት ሳል ያዛት፤ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች። ጉንፋን እንዳይሆንባት።

እሑድ፣ 1

ግፊት፦ 140 በ88።

የመልስ ደብዳቤ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። አራተኛውን ይዤ አማቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ልመና አታብዛበት» አሉ። «ጥፋትህን በአንድ መስመር እመን። ከዚያ አውቶቡሶቹ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ የወጡበትን ሰዓት ጻፍ። ሰውዬው የሚያነበው ቁጥር ነው።»

ትክክል ናቸው። ይህን ሳስተካክል ጎንበስ ብለው፣

«ደግሞ ‹ስራ›ን ሁሉንም ቦታ በእሳቱ ‹ሰ› ነው የጻፍኸው። በንጉሡ ‹ሠ› ነው። ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸውን ሥራ እንኳ መጻፍ አትችልም?»

አረምኩት። ከዛሬ ጀምሮ እዚህም በንጉሡ እጽፋለሁ።

በኋላ ሳስበው ግን፣ «ስራ» እና «ሥራ» ሲነበቡ አንድ ናቸው። ሰዋስው የገባው ሰው ከአነባበብ ይለየው ይሆናል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም።

ማክሰኞ፣ 3

ግፊት፦ ጠዋት 163 በ101። ማታ 134 በ84።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሰከንድ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ፣ የሾፌሮች ተወካይ። የሾፌሮች ተወካይ ማን ሆኖ ተገኘ? ጢሞ። በሕጉ መሠረት ተከሳሽ ላይ መፍረድ አለበት። እሱ ግን ገና ስብሰባው ሲከፈት ተነሣና፣

«አስራ አራት ቁጥርን ያስረፈድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሴት ልጅ ገደል አፍ ላይ ቆማ ጥዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም።»

ኃላፊዋ፣ «የትኛዋ ልጅ?» ብላ ደነገጠች። ጢሞ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ ያስረዳት ጀመር። አምስት ደቂቃ ያህል አስረዳ። አስታወሰና፣ «የቀረውን እሱ ይንገርሽ፣ እኔ እስከ አስራ ዘጠኝ ነው የደረስኩት» ብሎ ተቀመጠ።

ድልድሉን አቀረብኩ። የንጋቱ ሣጥን ሞልቷል፤ ተጠባባቂም አለው። ሰከንድ ገጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የደብዳቤዬን ቁጥሮች አየ። ሦስት ቀን፣ አንድም መዘግየት የለም። ከዚያ ካርታዬን ከፋይሉ አወጣ።

«ይሄ ስሌት ግን ትክክል አይደለም።»

«አዎ፣ ደራሲው ስህተት አለበት…»

«ደራሲው አይደለም፣ አንተ ነህ። ሲወጣና ሲወርድ በአንድ ፍጥነት ነው ያሰላኸው። ከተራራ የሚወርድ ነገር በሚወጣበት ፍጥነት አይሄድም። ጭነትስ? ልጅቷን ይዞ ነው ብቻውን?» እርሳስ አወጣ። ባሕሩ ላይ፣ ሰማያዊዬ ላይ፣ ማስላት ጀመረ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። በመጨረሻ፣ «ግማሽ ቀን ይቻላል» አለ። «የጀርባ ነፋስ ከነበረው።»

ውሳኔ፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ማይክራፎኑ በቁልፍ ይዘጋ። ቦታዬ ላይ እቆያለሁ።

ቤት ገብቼ የነፋሱን ጉዳይ አልነገርኳቸውም። እንዲያውም ሌላ ሰው እንዳይነግራቸው እፈራለሁ።

ዓርብ፣ 6

ግፊት፦ 133 በ84።

ልብስ እያጠፍን ሳለ ባለቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እማዬ ታያለች። የዚያን ሐሙስ ሐኪሙ ‹እንደልብዎ ያንብቡ› ብሏታል። ወደ ቤት ስንመጣ የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ነበር፤ ሁለት ቦታ የፊደል ስህተት አግኝታ ባለሱቁን ልትጠራ ስትል እጇን ጎትቼ ነው። በራችን ላይ ስንደርስ ግን ጥቁር መነጽሯን አጠለቀች።»

ተናደድኩ። ስምንት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪላጥ! በዘንዶ ድምፅ! «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስራ አንድ ሰዓት እስኪሞላ ስንት ጊዜ ሰዓትህን እንደምታይ ቆጥሬ ነዋ» አለች።

ሰዓቴን የማየው ሙያዬ ስለሆነ ነው።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ ሁሉንም ልነግራቸው ወስኜ ተቀመጥኩ። ወንበሬን አስተካክለው፣ መጽሐፉን ቦታው ላይ ከፍተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው እየጠበቁ ነበር። «የት ነበርን?» አሉ።

«ገጽ አምስት መቶ ሰማንያ» አልኩ። አነበብኩ።

እሑድ፣ 8

ግፊት፦ 132 በ83።

ፈተንኳቸው። ጥቀርሻ ለልጅቷ «ሂጂ፣ እኔ እዚህ እቀራለሁ» ይላል መጽሐፉ። እኔ ሆነ ብዬ፣ «ቆይ ካርታ ላይ ሰዓቱን እንይ» አለ ብዬ አነበብኩ።

«እንደዚያ አላለም» አሉ ወዲያው።

«እማማ፣ በምን አወቁ?»

ጥቁሩ መነጽር ወደ እኔ ዞሮ ቆመ።

«ጥቀርሻን አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እንደዚያ ያለ ነገር አይወጣውም።»

«ይቅርታ፣ መስመር ዘልዬ ነው።»

«ቀስ ብለህ አንብብ እንጂ። ማን አባረረህ?»

እውነትም ማንም አላባረረኝም። አራት ምዕራፍ ነው የቀረው። ዛሬ ግማሽ ምዕራፍ ብቻ አነበብኩ፤ የአሳታሚውን ገጽ፣ አድራሻውንና የእትም ቁጥሩን ጨምሬ። አልተቃወሙም።

ሐሙስ፣ 12

ግፊት፦ 130 በ82።

ጨረስነው። መጨረሻውን እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ደብተር ሐኪሙ ያነበዋል፣ እሱ ደግሞ መጽሐፉን ገና አልጀመረውም።

የመጨረሻዋን ገጽ ሳነብ ድምፄ ሦስት ቦታ ተቋረጠ። አማቴ አንድም ቦታ አላረሙኝም። ከጥቁሩ መነጽር ሥር የሆነ ነገር ወረደ፤ ጠብታ የምናደርግበት ሰዓት ግን አልነበረም። መጽሐፉን ዘጋሁ። መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ ፍሬን ያዘ። ሰባት ቁጥር ነው፤ ፍሬኑ ያፏጫል።

«እሑድ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» አሉ።

«ስድስት ሳምንቱ እኮ ገና ነው።»

«ድኛለሁ።»

«ሐኪሙ ገና ነው ብሎ አልነበረም?»

«ሐኪም ምን ያውቃል» አሉ።

እሑድ፣ 15

ግፊት፦ 139 በ88። ጨው አልጨመርኩም። አላውቅም ለምን እንደሆነ።

ሻንጣዎቹን ተሸክሜ ቤታቸው አደረስኳቸው። አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ሰው የሚቀመጥበት አንድ ወንበር፣ ሌሎቹ ወንበሮች ላይ መጽሐፍ ተከምሯል። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝ። መነጽሩን አላደረጉትም ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ጥርት ያለ ዓይን ነው።

ደረጃውን ግማሽ ከወረድኩ በኋላ ከላይ ድምፃቸው መጣ። «የሸሚዝህን ቁልፍ አዛንፈህ ቆልፈኸዋል!»

ቤት ገባሁ። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሳሎን ተቀመጥኩ። አስራ አንድ ተኩል ላይ ጋዜጣ ለባለቤቴ ላንብብልሽ አልኳት። የአየር ጠባዩን አነበብኩላት። «እባክህን በራስህ ድምፅ» አለችኝ።

ሰኞ፣ 16

ጢሞ ቢሮዬ መጥቶ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ። «አንዲት አዛውንት ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አስቁመውኝ ‹ለስምሪቱ ስጥ› አሉኝ። ጢሜንም እንድከረክመው ነግረውኛል።»

ፈታሁት። ሁለተኛ ቅጽ። ስምንት መቶ አርባ ገጽ። ሽፋኑ ላይ ዘንዶው ሁለት ሆኗል።

ቤት ገብቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ልክ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ።

«ደረሰህ?»

«ደረሰኝ፣ እማማ።»

«አልገለጥከውም?»

«አልገለጥኩትም።»

«በል እንግዲህ ጀምር።»

ዛሬስ አላለፍኩትም። «እማማ፣ አሁን እኮ ያያሉ» አልኩ። «ማየትዎን ካወቅሁም ቆየሁ።»

ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማኝ።

«ማየትማ አያለሁ» አሉ። «ግን መጽሐፉ ያለው አንተ ጋ ነው። ምን ላድርግ?»

መብራቱን አበራሁ፣ ስልኩን ጆሮዬና ትከሻዬ መካከል አጣበቅሁት፣ ሽፋኑን ገለጥኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ምዕራፍ አንድ» አልኩ፣ ከሆዴ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አማቴ። ወለል ላይ የሚፋቅ ነገር ተሰማኝ። «ገና ወንበሬን እየሳብኩ ነው።»